የአበርገሌ ፍየል ወተትና የተማሪው ምሳ

በአበርገሌ ወተት ሲባል ባብዛኛው የፍየል ነው። ወረዳው በዋግ ኽምራ ዞን፣ ከሰቆጣ ወደ ተከዜ በሚወርደው ቆላ ላይ ይገኛል፤ በስሙ የሚጠራው የፍየል ዝርያም ሙቀቱንና ገደላ ገደሉን የለመደ ነው። አንዲት ፍየል በቀን የምትታለበው ብዙ ጊዜ ግማሽ ሊትር አይሞላም፤ ከዚያም ላይ የግልገሏ ድርሻ አለ። የቀረው በወይራ በታጠነ ቅል ይጠራቀማል፣ ይረጋል፣ ይናጣል፤ ቅቤው ገበያ ይወጣል።

ፍየል የሚጠብቅ ልጅ ሲርበው አልቦ ሊጠጣ ይችላል። ያው ልጅ ተማሪ ሲሆን ከፍየሉም ከወተቱም ይርቃል፤ ይህ ሳይታሰብ የሚደርስበት ጉዳት ነው። አንድ ብርጭቆ፣ ማለትም 200 ሚሊ ሊትር ወተት፣ ከ6 እስከ 7 ግራም ፕሮቲን፣ ለአጥንት የሚሆን ካልሲየምና ከእህል የማይገኘውን ቫይታሚን ቢ12 ይሰጣል። በኬንያ ኢምቡ ከ1998 እስከ 2000 እ.ኤ.አ. በተማሪዎች ምግብ ላይ በተደረገ ጥናት ወተት የተጨመረላቸው፣ በተለይ ቀድሞ የቀነጨሩ ትንንሽ ልጆች፣ ቁመታቸው የተሻለ ጨምሯል። ወተት ብረት ስለሚያንሰው ግን ምስሩና ባቄላው ከማዕዱ መጉደል የለባቸውም።

ኢትዮጵያ በ2007 ዓ.ም ከሁለት ዓመት በታች ባሉ ልጆች ላይ የሚታየውን መቀንጨር እስከ 2022 ዓ.ም ለማስቀረት የገባችው ቃል ስሙን ያገኘው ከዚህችው ከሰቆጣ ነው፤ የሰቆጣ ቃል ኪዳን። በትምህርት ቤት የሚታደል ብርጭቆ ወተት ለሁለት ዓመቱ ሕፃን አይደርስም። ቀንጭሮ በ7 ዓመቱ አንደኛ ክፍል የገባውን ልጅ ግን ጊዜው አልፎበታል ብሎ መተው አይገባም።

ችግሩ ወተቱና ተማሪው የሚገናኙባቸው ቀናት ማነሳቸው ነው። ፍየሎቹ ደህና የሚታለቡት ቅጠሉ በሚለመልምበት ክረምት ነው፤ ያኔ ትምህርት ቤት ዝግ ነው። ጾሙም አለ። ሕፃናት እስከ 7 ዓመታቸው በጾም አይገደዱም፤ ትምህርት የሚጀመረው ደግሞ ልክ በዚያ ዕድሜ ነው። መስከረም ላይ ወተቱ ገና አለ፤ ረቡዕና ዓርብ ሲቀነሱ ሰኞ፣ ማክሰኞና ሐሙስ ይቀራሉ። ኅዳር 15 የነቢያት ጾም ይገባል። ቆይቶም የዐቢይ ጾም 55 ቀን ይመጣል፤ ያኔ መኖውም ደርቋል። ስለዚህ ለአዲስ አበባ ትምህርት ቤቶች የወጣ የምገባ ሰሌዳ እንዳለ ተገልብጦ ለአበርገሌ አይሠራም።

ብዛቱም ቀላል አይደለም። ለ300 ተማሪ አንድ አንድ ብርጭቆ ቢታደል 60 ሊትር ይፈልጋል፤ ይህ ከ120 በላይ ፍየል የሚታለበውን ሙሉ በሙሉ መውሰድ ነው። ጦርነት ያፈናቀለው፣ በ2015 እና በ2016 ዓ.ም ድርቅም እንስሳቱን የገደለበት ገበሬ ያን ያህል ከቤቱ ልጆች አፍ ነጥቆ እንዲሰጥ ሊጠየቅ አይችልም። ወተቱ በተገቢ ዋጋ መገዛት አለበት። በቆላው ሙቀት ጥሬ ወተት ቶሎ ይበላሻል፤ የፍየል ወተት ብሩሴላ የተባለውን በሽታ አምጪ ተህዋስም ሊያስተላልፍ ስለሚችል መፍላቱ ግዴታ ነው። ከፈላ በኋላ የረጋ እርጎ ከጥሬው የተሻለ ይቆያል፤ የወተት ስኳር ለሚከብደው ልጅም ይቀላል።

ከፋሲካ በኋላ የሚመጡት 50 ቀናት ረቡዕና ዓርብ እንኳ አይጾሙም። ተማሪው ሳይከለከል ወተት የሚያገኝበት ረጅሙ ጊዜ ይህ ነው፤ በጋው የሚጠናበትና የፍየሏ ጡት የሚደርቅበትም ይኸው ነው። የዱቄት ወተት የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው። ኢትዮጵያና ስዊድን በጋራ ባቋቋሙት የሕፃናት አመጋገብ ተቋም በ1950ዎቹ ዓ.ም ማብቂያ የተሠራው ፋፋ የተባለው የሕፃናት ምግብም ከእህልና ከጥራጥሬው ዱቄት ሌላ ቅባቱ የወጣለት የወተት ዱቄት ነበረበት። ውሃው በማያስተማምንበት አካባቢ የወተት ዱቄቱን ከገንፎ ጋር አብሮ ማብሰል በብርጭቆ በጥብጦ ከማጠጣት ይሻላል።