የስፒል ዝገትና የዳንቴል ጌጥ

በቤታችን ከምናያቸው ነገሮች መካከል ዳንቴልን ያህል ብዙ ተደክሞበት ጥቂት የሚነገርለት ሥራ የለም ብል ከእውነት የራቅሁ አይመስለኝም። ቃሉ ከፈረንሳይኛ የመጣ ሲሆን ሥረ ነገሩ «ትንሽ ጥርስ» ማለት ነው፤ ይኸውም የጠርዙ ቅርጽ ጥርስ ስለሚመስል ነው። አንድ ዳንቴል በኪሮሽ ሠርቶ ለመጨረስ ብዙ ማታ ያስፈልጋል፤ ለማበላሸት ግን አንዲት የዛገች ስፒል ትበቃለች። እናቴ በዚህ ሥራ ቤታችንን ስለምትረዳ፣ የእኔም ደብተርና የደንብ ልብስ የሚገዛው ከዚሁ ስለ ሆነ፣ ነገሩ ለእኛ ቀላል አይደለም።

ጌጡ ቀጥ ብሎ እንዲቆም መጠንከር አለበት። እናቴ 2 ስኒ ስኳር በ1 ስኒ ውሃ አፍልታ ካበረደች በኋላ ዳንቴሉን ትነክረዋለች፤ ከዚያም ጨምቃ በላስቲክ በተሸፈነ ካርቶን ላይ ትዘረጋውና እያንዳንዱን ጫፍ በስፒል ትወጥረዋለች። በበጋ ቶሎ ይደርቃል። በክረምት ግን ርጥበቱ ሁለት ሦስት ቀን ይቆያል። ብረት ከውሃና ከኦክሲጅን ጋር ሲገናኝ ስለሚዝግ ስፒሉም ያን ሁሉ ጊዜ ለዝገት ተጋልጦ ይሰነብታል። ላዩ በኒኬል የተለበጠ ቢሆንም እንኳ ልባጡ ከተፋቀ ከዝገት አይድንም።

በ2016 ዓ.ም. በሐምሌ ወር አንዲት ወይዘሮ ለልጃቸው ምረቃ 12 ጌጦች አዝዘው ነበር። ስፒሉ ሲነቀል በ5ቱ ጫፎች ላይ ቡናማ ነጠብጣብ ታየ፤ ለምረቃውም የቀረው 4 ቀን ብቻ ነበር። ጎረቤቶቻችን ሊረዱን መጡ። አንደኛዋ «በረኪና ጣል አድርጊበት» አሉ። ሌላይቱ ደግሞ «ምን አደከመሽ፤ በየጫፉ ዶቃ ስፊበት፤ ማን ያየዋል?» አሉ።

በረኪናውን እኔ ተቃወምሁ። በረኪና እድፍን የሚያነጣው ኦክሲጅን እያዋሐደ ነው፤ ዝገት ግን ራሱ ብረት ከኦክሲጅን ጋር ተዋሕዶ የሆነ ነገር ነው። ስለዚህ በረኪና ዝገትን አያስለቅቅም፤ እንዲያውም ሊያጸናውና ክሩንም ሊጎዳ ይችላል። ዝገትን የሚያሟሟው አሲድ ነው። በሎሚ ጭማቂ ውስጥ ከመቶ 5 እጅ ያህል ሲትሪክ አሲድ ይገኛል፤ እርሱም ብረቱን ይዞ ከውሃው ጋር አብሮ እንዲሄድ ያደርገዋል።

በመጀመሪያ ስኳሩን ለብ ባለ ውሃ አጥበን አወጣን፤ አለዚያ ሎሚው ወደ ክሩ አይደርስምና። ቀጥሎ በነጠብጣቦቹ ላይ የሎሚ ጭማቂና ደቃቅ ጨው አድርገን፣ እንዳይደርቅ እያራስን፣ ብርሃን በሚገባበት መስኮት አጠገብ አኖርነው። ከጥቂት ሰዓት በኋላ በብዙ ውሃ አለቀለቅነው፤ ያልለቀቀውንም ደገምነው። ጨው ራሱ ዝገትን ስለሚያፋጥን፣ አሲድም ክርን ስለሚያደክም፣ በደንብ ማለቅለቅ ግድ ነው። ሎሚና በረኪና ደግሞ ፈጽሞ መቀላቀል የለባቸውም፤ መርዛም ጋዝ ያወጣሉ። ጌጦቹን እንደ ገና በስኳር ስናጠነክር በስፒል ፈንታ ስቴኪኒ ተጠቀምን፤ እንጨት አይዝግምና። በዚህ ዓይነት 4ቱ ነጹ።

አምስተኛው ግን ቅርጫት መሰል ትልቅ ጌጥ ስለ ነበረ በስኳር ሳይሆን በነጭ ኮላ የጠነከረ ነበር። ኮላ ከደረቀ በኋላ በቀላሉ አይለቅም። በመጨረሻ እናቴ ዶቃ ሰፋችበት፤ ዶቃውም በዛገው ጫፍ ብቻ ቢሆን ነገሩን ስለሚያጋልጥ በጫፎቹ ሁሉ ላይ አደረገችው። እጅግም አማረ።

ወይዘሮዋ ሊወስዱ በመጡ ጊዜ እናቴ ጌጡን አንሥታ «ከዚህ ዶቃ ሥር የስፒል ዝገት አለ፤ ቢፈልጉ ይውሰዱት፤ ባይፈልጉም ይቅር» አለቻቸው። እርሳቸውም አገላብጠው አዩትና ከዋጋው ቀንሰው ወሰዱት። የተቀነሰው ገንዘብ ለእኛ ትንሽ አልነበረም። ከሄዱ በኋላ «ባትነግሪያቸው ኖሮስ?» ብዬ ጠየቅኋት። «ዝገት ተሸፍኖ አይቀርም፤ በሚመጣው ክረምት ርጥበት ሲያገኘው በጠረጴዛ ልብሳቸው ላይ ይወጣል። ያን ጊዜ የሚያስታውሱት ዶቃውን ሳይሆን እኔን ነው» አለችኝ።

ውድ ጓደኞቼ፤ ከዚህ ሁለት ነገር ተምሬአለሁ። የመጀመሪያው፣ እድፍን ለማጠብ ከመቸኮል በፊት እድፉ ከምን እንደ ተሠራ መጠየቅ እንደሚገባ ነው፤ ለአንዱ መድኃኒት የሆነው ለሌላው መርዝ ነውና። ሁለተኛው፣ የማይለቀውን መሸፈን ነውር አለመሆኑን ነው፤ ነውሩ ለገዢው ሳይናገሩ መሸፈን ነው። አባቶቻችን «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይላሉ፤ የእናቴም ሥራ ይህንኑ ያስረዳል። ዛሬም በቤታችን ዳንቴል የሚወጠረው በስቴኪኒ ነው።