ቁልፍ የተቀየረ ዕለት

«ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» ይላሉ አበው። ንብረቱ ከተወሰደበት በኋላ ቁልፍ ፍለጋ ለሚሯሯጥ ነጋዴ የሚስማማ ተረት ነው። ይሁን እንጂ አንዳንድ ጊዜ ጅቡ ሳይመጣም ውሻው ይጮኻል። በጅቡቲ ከተማ፣ በጋቦዴ ሠፈር፣ እንጀራና በርበሬ በምትሸጥ አንዲት ኢትዮጵያዊት ሱቅ ደጃፍ በአንድ የሐምሌ ቀን የሆነው ይኸው ነበር።

የጅቡቲን ክረምት በዚያ የኖረ ሁሉ ያውቀዋል። ከሰኔ እስከ ነሐሴ ኻምሲን የሚሉት ደረቅ ነፋስ አቧራውን ተሸክሞ ይነፍሳል፤ ሙቀቱም ከ40 ዲግሪ በላይ ይወጣል። በዚህ ምክንያት ነጋዴው ቀትር ላይ በሩን ይዘጋል፤ ከተማዋ ታንቀላፋለች፤ ወደ 10 ሰዓት ገደማ ፀሐይ ስትበርድ በሮች እንደገና ይከፈታሉ። ሴትዮዋም በዚያን ዕለት እንደ ልማዷ በ10 ሰዓት መጥታ ቁልፏን ከብረቱ በር ከተተች። ቁልፉ ግማሽ ያህል ዞረና ቀጥ አለ። ብትገፋም፣ ብትጎትትም እንቢ አለ። በውስጥ ለማታ የሚጋገረው ሊጥ ቡፍ ብሎ ተቀምጧል፤ በዚያ ሙቀት አንድ ሰዓት ቢዘገይ ኮምጥጦ ከጥቅም ውጪ ይሆናል።

ጎንበስ ብላ ስትመለከት በቁልፉ ቀዳዳ ዙሪያ ጭረቶች አየች። ልቧም ወዲያው ወደ አንድ ሰው ሄደ። የእህቷ ልጅ ሦስት ዓመት አብሯት ሠርቶ፣ ከሦስት ወር በፊት ወደብ ሥራ አግኝቶ ሲሄድ የሱቁን ቁልፍ በኪሱ እንደያዘ ነበር የሄደው። እርሷም መልስልኝ ማለት አሳፍሯት፣ እርሱም ሳያስታውስ፣ ነገሩ ተድበስብሶ ቀርቷል። ከሁለት ሳምንት በፊት ደግሞ ከመሳቢያዋ 12 ሺህ የጅቡቲ ፍራንክ ጎድሎባት ለማንም ሳትናገር በሆዷ ይዛው ነበር። አሁን ጭረቱና የጎደለው ገንዘብ በአንድ ገመድ የተሳሰሩ መሰላት። ድሬዳዋ ላለችው እህቷ ልትደውል ስልኳን አወጣች።

ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል እንደሚባለው፣ በአጠገቧ ጨርቅ የሚሸጠው ሶማሌ ጎረቤቷ እጁን ዘርግቶ አስቆማት። «እህቴ፣ መጀመሪያ በሩ ይከፈት፤ ሰውን ከዚያ በኋላ ትጠይቂያለሽ» አላትና ልጁን ልኮ ቁልፍ ሠሪውን አስጠራላት።

ቁልፍ ሠሪው በልጅነታቸው በድሬዳዋው የምድር ባቡር ወርክሾፕ ሞረድ መያዝ የተማሩ አዛውንት ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1917 አዲስ አበባ የደረሰው የዚያ አሮጌ ሀዲድ ባቡር ወደ ጅቡቲ አምጥቷቸው በዚያው ቀሩ። ዛሬ ኢትዮጵያን ከጅቡቲ የሚያገናኘው እ.ኤ.አ. በ2016 የተመረቀው የኤሌክትሪክ ባቡር ነው፤ የሞረዱ ሙያ ግን ከእርሳቸው ጋር አለ። እንደደረሱ መሰርሰሪያ አላወጡም። የበሩን እጀታ በሁለት እጃቸው ይዘው መዝጊያውን ወደ ላይ ሽቅብ አነሱትና «ልጄ፣ አሁን አዙሪው» አሏት። ቁልፉ እንደ ቅቤ ዞረ።

በሩ ከተከፈተ በኋላ አዛውንቱ መዝጊያውን ክፍት እንደያዙ ቁልፉን ደጋግመው አዞሩት። ምላሱ ያለ ምንም ችግር ወጥቶ ገባ። «በሩ ሲከፈት የሚሠራ፣ ሲዘጋ የሚያስቸግር ቁልፍ በሽታው ከቁልፉ አይደለም፤ ከበሩ ነው» አሉ። የላይኛው ማጠፊያ በጨዋማው የባሕር አየር ዝጎና ተበልቶ መዝጊያው ዘንበል ብሏል። ስለዚህ ምላሱ በመቃኑ ላይ ከተበጀለት ቀዳዳ ዝቅ ብሎ ጠርዙን ይገጫል። ሙቀቱም ረድቶታል፤ ሁለት ሜትር የሚሆን የብረት በር ሙቀቱ በ20 ዲግሪ ሲጨምር ግማሽ ሚሊሜትር ያህል ይረዝማል። ጤነኛ በር ይህን አይሰማውም፤ ላዘነበለ በር ግን የመጨረሻዋ ጠብታ ናት።

ስለ ጭረቶቹ ስትጠይቃቸው ቁልፏን ተቀብለው በቀዳዳው ከተቱትና የቁልፉን ዘለላ አወዛወዙት። የተንጠለጠሉት ሌሎች ቁልፎች እየዞሩ የነኩት ቦታ ጭረቶቹ ካሉበት ጋር አንድ ሆነ። ያረጁና የደበዘዙ የራሷ እጅ ጭረቶች ነበሩ። ሴትዮዋ ስልኳን ወደ ቦርሳዋ መልሳ ዝም አለች።

አዛውንቱ ማጠፊያውን አስበይደው፣ መዝጊያውን አስተካክለው ሲጨርሱ ግን ሥራው አላለቀም። «አሁን ደግሞ ሲሊንደሩን እንቀይረዋለን» አሉ።

ነገሩን ለመረዳት የበሩን ቁልፍ አሠራር ማወቅ ያሻል። በሱቅ በር ላይ አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ምላስ አለ። አንደኛው ጫፉ ስልል ያለ፣ በሞላ የሚገፋ ነው፤ በሩ ሲገጭ ራሱ ይዘጋል፤ በቀጭን ነገር ሊገፋም ይችላል። ሁለተኛው ጫፉ አራት ማዕዘን የሆነ፣ ሞላ የሌለው፣ ቁልፍ ካላዞረው የማይንቀሳቀስ ደረቅ መቀርቀሪያ ነው። ሱቅን የሚጠብቀው ይህ ሁለተኛው ነው። እርሱን የሚያዝዘው ደግሞ በመካከሉ የገባው ሲሊንደር ነው። በውስጡ ቁመታቸው የተለያየ ጥቃቅን ዘንጎች ተደርድረው ትክክለኛው ቁልፍ ሲገባ ብቻ እኩል ይቆማሉ። ሐሳቡ በጥንታዊ ግብፅ ከእንጨት ይሠራ የነበረ ነው፤ አሜሪካዊው ሊነስ ዬል እ.ኤ.አ. በ1861 ባገኘው የፈጠራ መብት ወደ ትንሽ የብረት ቁልፍ ተለወጠ።

ሲሊንደር ለመቀየር በሩን ማፍረስ አያስፈልግም። በመዝጊያው ጠርዝ ላይ፣ ከሲሊንደሩ ትይዩ፣ አንዲት ረዥም ብሎን አለች። እርሷን በካቻቢቴ ፈትቶ፣ ቁልፉን በጥቂቱ አዘንብሎ ሲስቡት ሲሊንደሩ ተስቦ ይወጣል። ከዚያ ከብሎኗ ቀዳዳ መካከል ወደ ግራና ወደ ቀኝ ያለውን ርዝመት ለየብቻ መለካት ነው፤ አንዱ ወገን 30 ሚሊሜትር፣ ሌላው 40 ሊሆን ይችላል። አዲሱ ልኩ ሆኖ ከበሩ ገጽ ከ3 ሚሊሜትር በላይ ወደ ውጭ መውጣት የለበትም። አፍንጫው የወጣ ሲሊንደር በፒንሳ ተይዞ፣ በጣም በሚሳሳበት በብሎኗ ቀዳዳ ላይ ይሰበራል። ለማለስለስም ዘይት ማፍሰስ ስሕተት ነው፤ ዘይት የኻምሲንን አቧራ ይዞ ጭቃ ይሠራል። የእርሳስ እንጨት ጥቁር ዱቄት ይበቃል።

ሴትዮዋ ግን ሌላ ነገር አስጨነቃት። «ጋሼ፣ ልጁ ንጹሕ ሆኖ ሳለ ቁልፉን ብቀይርበት አልታመንኩም ብሎ አያዝንም?» አለች።

አዛውንቱ አሮጌውን ሲሊንደር በመዳፋቸው ላይ እያገላበጡ እንዲህ መለሱላት። «ልጄ፣ ዛሬ ቁልፉን የምትቀይሪው ስለ ልጁም ብለሽ ነው። ይህ አሮጌ ቁልፍ በኪሱ እስካለ ድረስ ከዚህ ቤት አንዲት ማንኪያ በጠፋች ቁጥር ልብሽ ወደ እርሱ ይሄዳል። በሩን የማይከፍት ቁልፍ የያዘን ሰው ግን ማንም አይጠረጥርም። በወርክሾፕ ሳለን ሠራተኛ ሲለቅ ቁልፉን የሚያስረክበው ስሙን ይዞ እንዲሄድ ነበር።»

እርሷም ተስማማች። ከአዲሱ ሲሊንደር ጋር የመጡትን ቁልፎች ቆጥረው አስረከቧት፤ አንደኛውን ሳትጠቀምበት እንድታስቀምጥና ሌላ ስታስቀርጽ ከእርሱ ብቻ እንድታስቀርጽ መከሯት። ከቅጂ የተቀረጸ ቅጂ ስሕተቱን እያባዛ ይሄዳልና። ማን የትኛውን እንደያዘም በደብተር እንድትጽፍ ነገሯት።

ማታ ላይ ሊጡ ከመበላሸት ተርፎ እንጀራው ሲጋገር፣ ለእህቷ ሳይሆን ለልጁ ደወለችለት። የበሩን ታሪክ ነገረችው፤ ልትጠረጥረው እንደነበረም አልደበቀችውም። ለጥቂት ጊዜ ዝም አለ። በሚቀጥለው ዓርብ፣ በዕረፍት ቀኑ፣ ወደ ሱቁ መጣ። ገብቶ ከመቀመጡ በፊት የድሮዋን ቁልፍ ከነክሯ አውጥቶ በጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። «እትዬ፣ ለእኔም ከብዳኝ ነበር» አላት።

የጎደለው 12 ሺህ ፍራንክ የት እንደገባ እስከ ዛሬ አልታወቀም። ቁልፍ ያለፈውን ነገር መልሶ አይናገርም። ወደፊት ግን በዚያ በር ላይ የሚመጣ ጥርጣሬ ሁሉ በደብተሩ ላይ ከተጻፉት ስሞች አያልፍም፤ የልጁም ስም ከእነርሱ መካከል የለም። አሮጌው ሲሊንደር ከቁልፉ ጋር በሱቁ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። ምንድን ነው ብሎ ለሚጠይቃት ደንበኛ ሴትዮዋ «ልጠላው የነበረ ሰው ነው» እያለች እንጀራዋን ታጣጥፋለች።