በለንደን ከተማ፥ በግንብ ውስጥ ያለ ገደል

በለንደን ከተማ በስሜን በኩል፥ ግሪን ሌንስ በሚባለው ረጅም ጐዳና ዳር፥ ማማዎቹ ከዛፎች በላይ የሚታዩ አንድ የቆየ ግንብ አለ። መንገደኛ በድንገት ሲያየው የጥንት መስፍን ያሠራው የጦር ምሽግ ይመስለዋል። ነገር ግን መስፍንም ወታደርም ኖሮበት አያውቅም፤ የተሠራው ለከተማው ሕዝብ ውኃ ለመግፋት ነው።

ኒው ሪቨር የሚባለው በሰው እጅ የተቈፈረ ቦይ ከ1613 ዓ.ም. ጀምሮ ለለንደን ውኃ ሲያመጣ ኖሯል (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው)። የቦዩ ኩባንያ ከ1852 እስከ 1856 ዓ.ም. በእንፋሎት ኃይል ውኃ የሚገፉ መኪናዎች የሚቀመጡበትን ይህን ቤት አሠራ። የሰፈሩ ሰዎች ግን በደጃችን የመኪና ቤት አናይም ብለው ስላጕረመረሙ፥ ቻድዌል ማይልን የሚባለው መሐንዲስ በስኮትላንድ ግንቦች አምሳል ነደፈው። ስለዚህ አንዱ ማማ የጢስ መውጫ፥ ሁለተኛው የውኃ መያዣ፥ ሦስተኛው ወደ ጣራ የሚያወጣ ጠመዝማዛ ደረጃ ሆነ። የመኪናዎቹ ሥራ ካበቃ በኋላ ቤቱ ሊፈርስ ታስቦ ነበር፤ ሕዝቡ ስለ ተከራከረለት ግን ዳነ። ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ ሰዎች ግድግዳ መውጣት የሚማሩበት ቤት ሆኗል።

እኔን ወደዚህ ያመጣችኝ የ12 ዓመት ልጄ ናት። ሥራዬ የሌሊት ስለ ሆነ፥ እርስዋ ከትምህርት ቤት ስትመለስ እኔ እወጣለሁ፤ እኔ ስገባ እርስዋ ትሄዳለች። ለልደትዋ ምን ልግዛልሽ ብዬ ብጠይቃት፥ «አንድ ቅዳሜ ከኔ ጋር ግድግዳ ውጣ» አለችኝ። ይህንንም ቅዳሜ ሦስት ጊዜ አስተላልፌ በአራተኛው ሄድን።

ከውስጥ ስንገባ ግድግዳው ሁሉ በልዩ ልዩ ቀለም ባሸበረቁ መጨበጫዎች ተሞልቶ አየን። አንድ ዐይነት ቀለም ያላቸውን ብቻ ተከትሎ የሚወጣ ሰው አንድ መንገድ ፈጸመ ይባላል። ከመንገዱ ሥር ቍጥር ተጽፏል፤ ቍጥሩ ባደገ መጠን መንገዱ ይከብዳል። ወጪዎቹ ላብ እንዳያንሸራትታቸው እጃቸውን በነጭ ዱቄት ያሻሉ፤ እግራቸውንም ጠበቅ ባለ የጎማ ጫማ ያስራሉ። እኛ ጀማሪዎች ስለ ሆንን፥ አስተማሪዪቱ በአንድ ጥግ ወዳለው ዝቅተኛ ግድግዳ ወሰደችን።

በዚያ ትልቁ ትምህርት ስለ ገመድ ነው። ልጄ በወገብዋና በጭንዋ መታጠቂያ ታጠቀች፤ ገመዱም 8 ቍጥርን በሚመስል ቋጠሮ ታሰረላት። ገመዱ ከእርስዋ ተነሥቶ እስከ ግድግዳው ራስ ይወጣል፤ ከዚያ ተመልሶ ወደኔ ይወርድና በመታጠቂያዬ ላይ በተንጠለጠለ ትንሽ ብረት ውስጥ ያልፋል። እርስዋ አንድ እርምጃ ስትወጣ እኔ የላላውን እስባለሁ፤ ብትወድቅ ብረቱ ገመዱን አንቆ ያስቀረዋል። ነገር ግን የታችኛውን ገመድ የያዘ እጅ ለአንድ አፍታም እንኳ መልቀቅ የለበትም። ለጥንቃቄም አስተማሪዪቱ የገመዱን ጫፍ ከኋላዬ ያዘች።

ልጄ ከመካከል ስትደርስ ፍርሃት ያዘኝ። «ወደ ግራ! ቀዩን ያዢ! ወደ ታች አትመልከቺ!» እያልሁ ጮኽሁ፤ ገመዱንም እንደ በገና ጅማት ወጠርሁት። ልጄ ወደ ጐን መራመድ አቅቷት ቆመች፤ በመጨረሻም «አውርደኝ» አለች። ወርዳም አላየችኝም። አስተማሪዪቱ በትሕትና፥ «የርስዎ ገመድ ክብደትዋን የሚሸከመው በወደቀች ጊዜ ነው፤ ስትወጣ ግን የራስዋን ክብደት ለራስዋ ይተዉላት» አለችኝ። ቃሉ ስለ ገመድ ብቻ የተነገረ አልመሰለኝም። ሌሊቱን ሙሉ ከቤት ርቄ እየዋልሁ፥ በተገናኘን ቍጥር ያለፈውን ሁሉ በአንድ ጊዜ ለማካካስ ስመክርና ስቈጣ መኖሬ ታወሰኝ።

በትግራይ ወዳለው ወደ ደብረ ዳሞ ገዳም የወጣ ሰው ይህን ሥራ ያውቀዋል። ወጪው ጠፍር ገመድ ጨብጦ 15 ሜትር ያህል ገደል ሲወጣ፥ ከላይ ያለው መነኵሴ በወጪው ወገብ የታሰረውን ሌላ ገመድ ይይዝለታል። የሚወጣው ሰው በራሱ እጅና እግር ነው፤ መነኵሴው የሚሰጠው ትጋቱን ብቻ ነው።

ሁለተኛ ስትወጣ ዝም አልሁ። ዓይኔን ከእግርዋ ሳልነቅል፥ ገመዱን ሳላጠብቅም ሳላላላም ተከተልኋት። ከላይ ጥቂት ሲቀራት እጅዋ አመለጣትና ወደቀች። ገመዱ ቀጥ ብሎ እኔን ከተረከዜ አነሣኝ፤ እርስዋ ግን ባለችበት ተንጠለጠለች።

«አባዬ፥ ይዘኸኛል?»

«ይዤሻለሁ።»

ሌላ ቃል አልተነጋገርንም። ጥቂት ዐርፋ ግድግዳውን እንደ ገና ጨበጠችና ራሱን ነካች።

ልጆቻቸውን ወደዚህ ያለ ቤት የሚወስዱ ወላጆች አስቀድመው ከአስተማሪ ጋር ይጀምሩ። ቀለበት ከጣት ይውለቅ፤ ረጅም ጠጕር ወደ ኋላ ይታሰር። ከእያንዳንዱ መውጣት በፊት ወጪውና ገመድ ያዡ አንዱ የሌላውን ቋጠሮና መታጠቂያ ይመርምሩ። ይህ አንድ ደቂቃ አይፈጅም፤ ነገር ግን ሊዘለል አይገባውም።

ወደ ቤታችን ስንመለስ ልጄ በአውቶቡስ ውስጥ የቀላውን መዳፍዋን እያየች፥ «በሚመጣው አንተ ትወጣለህ፥ እኔ እይዝሃለሁ» አለች። አንቺ ገና ቀላል ነሽ፥ እኔ ብወድቅ ወደ ላይ እስብሻለሁ ብዬ ሣቅሁ። እርስዋ ግን አልሣቀችም፤ «እስከዚያ አድጋለሁ» ብላ ራስዋን በትከሻዬ ላይ አሳረፈች። እኔም ሌሊት ወደ ሥራ እስክሄድ ድረስ ይህን ቃልዋን ሳስብ ዋልሁ።