ቡላ አላበደችም

ይህን ምስክርነት የምሰጠው ድመት ላላቸው ሁሉ፣ በተለይም እንደ እኔ በክርና በመርፌ ለሚተዳደሩ ነው። ድመቴ ቡላ ክር ውጣ ከሞት አፋፍ ተመልሳለች። በዓይኔ ያየሁትንና ያዳኗት ሰዎች ያስረዱኝን ሳልጨምር ሳልቀንስ እናገራለሁ።

የምኖረው ሽሮ ሜዳ ነው። ሰፈሩን የሚያውቅ ሥራችንንም ያውቃል። ከጋሞ ደጋ የመጡት ዶርዜ ሸማኔዎች ይሸምናሉ፤ እኛ ሸማውን ተቀብለን እንሰፋለን፣ እንጠልፋለን። እንዲህ ባለ ቤት ድመት ጌጥ አይደለችም። አይጥ አንድ ሌሊት ከገባ ድርና ማጉን፣ አልፎም ተሰፍቶ ያለቀውን ቀሚስ በልቶ ያድራል። ቡላ ከመጣች ወዲህ ግን አይጥ የቀደደው ጨርቅ ቤቴ ውስጥ ታይቶ አያውቅም። እንጀራዬን የምትጠብቅልኝ እሷ ናት ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

ነገሩ የሆነው ሁዳዴ ሊያልቅ ሲቃረብ ነው። የፋሲካ ትእዛዝ ተደራርቦ ሲንጀሩ ከሌሊት እስከ ሌሊት በሚሠራበት ሰሞን ቡላ ማስታወክ ጀመረች። ድመት ፀጉሯን እየላሰች ስለምትውጥ አልፎ አልፎ የፀጉር ጥቅልል ማስመለሷ ያለ ነገር ነው፤ ያንን አውቀዋለሁ። ይህ ግን ሌላ ነበር። መጀመሪያ የበላችውን፣ ቀጥሎ ነጭ አረፋ፣ ኋላ ደግሞ ቢጫ ሐሞት አስመለሰች። ምግብ ሳቀርብላት መጥታ ታሸታለች፣ ከንፈሯን ትልሳለች፣ ከዚያ ፊቷን አዙራ ትሄዳለች። መብላት እየፈለገች መዋጥ ያቃታት ትመስል ነበር። አሸዋዋ ላይም ምንም አልነበረም፤ ሽንቷ ጥቂት፣ ዓይነ ምድሯ ፈጽሞ የለም።

በማግስቱ አልጋ ሥር ገብታ ጀርባዋን አጉብጣ ተቀመጠች። ስጠራት አትመጣም። ልጄ በእጅ ባትሪ አብርታ ካየቻት በኋላ “እማዬ፣ ለሐጯ ይዝረበረባል” አለችኝ። እውነትም ከአገጯ እስከ ደረቷ ርሷል።

ጭንቁ የጀመረው እዚህ ላይ ነው። በግቢያችን ብዙ ቤተሰብ አለ፤ ሕፃናትም አሉ። የድመቷ ለሐጭ መዝረብረብና ጨለማ ፈልጋ መደበቋ ሲሰማ አከራያችን መጡ። “ልጄ፣ ይቺ ድመት አብዳለች። ሰው ሳትነክስ ትወገድ” አሉኝ። አንዱ ጎረቤት ዱላ ይዞ በር ላይ ቆመ። በእነሱ አልፈርድም። የእብድ ውሻ በሽታ ድመትንም ይይዛል፣ በለሐጭ ይተላለፋል፣ ምልክቱ አንዴ ከታየ መድኃኒት የለውም። በአገራችን ዛሬም ሰው ይገድላል። ልጆች ያሉት ሰው ቢፈራ አይገርምም።

እኔ ግን አንድ ወረቀት ነበረኝ። ቡላ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት የወሰደችበት ካርድ ከቤት ኪራይ ውሉ ጋር ተቀምጧል። አውጥቼ ለአከራያችን አሳየኋቸው። ማኅተሙን በጣታቸው እየዳሰሱ አነበቡና፣ “እንግዲያው ዝጊባትና ሐኪም ይያት፤ ሐኪም አብዳለች ካለ ግን ትወገዳለች” አሉኝ። ተስማማን። ቡላን ለብቻዋ ዘጋሁባት፣ ልጆቹ እንዳይጠጉ አደረግሁ፣ ለሐጯን የነካ ጨርቅ ሁሉ በጓንት ተነሣ። በሩ ላይ ዱላ ይዞ የነበረው ሰው ወደ ቤቱ ገባ። ያ ካርድ ባይኖር ኖሮ የክሩን ታሪክ ማንም ሳያውቀው ቡላ በዚያች ሰዓት ትሞት ነበር።

መጀመሪያ የወሰድኳት ቅርብ ወደሆነ አንድ ክሊኒክ ነው። የተቀበለን ባለሙያ አፏን ሳይከፍት፣ ሆዷንም ሳይዳስስ ማስታወክ የሚያቆም መርፌ ወግቶ “ጨጓራዋ ተቆጥቶ ነው፣ ይሻላታል” ብሎ ሰደደን። ማስታወኳ በእርግጥ ቆመ። ግቢው ሁሉ “እግዚአብሔር ይመስገን” አለ። ቡላ ግን አሁንም አልበላችም። ኋላ እንደተረዳሁት ዋናው አደጋ ይህ ነበር። ምክንያቱ ሳይታወቅ ማስታወክ ብቻ ሲቆም በሽታው ይሸፈናል እንጂ አይጠፋም፤ ውስጥ ውስጡን ይሠራል።

በዚህ መሃል የመድኃኒት ምክር ከየአቅጣጫው ይመጣ ነበር። ወተት ስጫት የሚለኝ ነበር፤ ነጭ ሽንኩርት ወቅጠሽ አጠጫት፣ ዘይት በግድ ጋቻት የሚለኝም ነበር። አንዷ ጎረቤቴ ራሷ ለራስ ምታት የምትወስደውን ፓራሲታሞል ግማሹን ሰብራ በአዘኔታ አመጣችልኝ። አመስግኜ ሁሉንም አስቀመጥኩት። በኋላ ያከመቻት ሐኪም ያስረዳችኝን እዚህ ልጻፈው፤ ሊታወቅ ይገባዋልና። ፓራሲታሞል ድመትን ይገድላል፤ ጉበቷ እንደ ሰው ጉበት ሊያስወግደው አይችልም፣ ደሟም ኦክስጅን መሸከም ያቅተዋል። ነጭም ሆነ ቀይ ሽንኩርት ቀይ የደም ሴሎቿን ያፈርሳል። በግድ የተጋተ ዘይት ወደ ሳንባ ሊገባ ይችላል። ያደገች ድመት አብዛኛውን ጊዜ ወተት አይፈጭላትም፤ ተቅማጥ ያስከትልባታል። ጎረቤቶቼ ሁሉም የመከሩኝ በቅንነት ነበር። ቅንነት ግን የድመትን ጉበት አይለውጠውም።

ቡላን በቅርጫት አድርጌ፣ ነጠላ ሸፍኜባት፣ ከሽሮ ሜዳ በስድስት ኪሎ በኩል ወደ መሃል ከተማ ወረድኩ። የተቀበለችን ወጣት ሴት ሐኪም ናት። የመጀመሪያ ጥያቄዋ ስለ ክትባት ነበር። ካርዱን አየች፣ ሰው ነክሳ ወይም ቧጥጣ እንደሆነ፣ ከማይታወቅ ውሻ ጋር ተጣልታ እንደሆነ ጠየቀችኝና ጓንት አጠለቀች። ቀጥላ “እህቴ፣ ሥራሽ ምንድን ነው?” አለችኝ። ልብስ ሰፊ መሆኔን ስነግራት ቀና ብላ አየችኝ።

የጀርባዋን ቆዳ በሁለት ጣቷ አንሥታ ለቀቀችው፤ ቆዳው ቶሎ አልተመለሰም። ድዷን ነካች፤ ደርቆ ይጣበቃል። ውኃ አልቆባታል ማለት ነው። ከዚያ ያደረገችውን መቼም አልረሳውም። በአንድ እጇ የቡላን ራስ ይዛ አፏን ከፈተች፣ በሌላው አውራ ጣቷ ከአገጯ ሥር፣ በሁለቱ የመንጋጋ አጥንቶች መካከል ያለውን ለስላሳ ቦታ ወደ ላይ ገፋች። ምላሷ ከሥሩ ተነሣ። “ነይ እዪ” አለችኝ። ከምላሷ ሥር ቢጫ የጥልፍ ክር ዞሮ ተጠምጥሞ ሥጋዋን ቆርጦ ገብቷል፤ ሁለቱ ጫፎች ወደ ጉሮሮ ወርደው ይጠፋሉ። የምላሷ ሥር አብጦ ቀልቷል። ለሐጯን ያዝረበረበው እሱ ነበር። ቡላ አላበደችም።

ክሩን ሳየው የእጄ ሥራ ነውና ልጎትተው እጄ ተዘረጋ። ሐኪሟ “እንዳትነኪው!” ብላ ያዘችኝ። ለምን እንደሆነ ያስረዳችኝ በእኔው ሙያ ነው። ለሽብሽብ ቀሚስ ጨርቁን በሰፊ ስፌት ወግቼ የክሩን ጫፍ ስስበው ጨርቁ እንደሚሰበሰብ ሁሉ፣ አንጀቷም በክሩ ላይ ተሽብሽቧል። የክሩ መሃል ምላሷ ሥር ተይዟል። አንጀቷ ምግብ እንደሚገፋ ጫፎቹን ወደ ታች ይገፋል፤ ክሩ አልሄድ ሲለው አንጀቱ ራሱ ክሩን እየወጣ ይሰበሰባል። ክሩ ሲወጠር እንደ ምላጭ ይሆንና የአንጀቱን ግድግዳ ይቆርጣል። አንጀት ከተበሳ ቆሻሻው ወደ ሆድ ዕቃ ይፈስሳል፤ ከዚያ በኋላ ማትረፍ እጅግ ከባድ ነው። ክሩን መጎተት ይህንኑ ማፋጠን ነው።

ድመት ለምን ክር እንደማትተፋውም ያኔ ገባኝ። ምላሷ ላይ ያሉት ሻካራ እሾኾች ሁሉ ወደ ጉሮሮ ያዘነበሉ ናቸው። እየተጫወተች አንዴ ክሩን አፏ ውስጥ ካስገባችው ምላሷ ወደ ውስጥ ብቻ ይወስደዋል፤ ልትተፋው ብትፈልግም አትችልም።

በእጅ ዳሰሳ ሆዷ ውስጥ የተሰበሰበ ነገር ተገኘ፤ አልትራሳውንዱም የተሽበሸበውን አንጀት አሳየ። ሐኪሟ ነገሩን አላለዘበችውም። “ቀዶ ሕክምና ካልተደረገላት ትሞታለች። ከተደረገላትም አንጀቷ ተበስቶ ካገኘሁት ቃል አልገባልሽም” አለችኝ። ዋጋውን ነገረችኝ። ለበዓል በግና ለልጄ ጫማ የያዝኩት ገንዘብ ነው የሄደው። ለድመት ይህን ሁሉ ብር አወጣች ያሉኝ ነበሩ። ለእኔ ግን ያቺ ፍጡር ሌት ተቀን ቤቴን የጠበቀች ናት፤ በሕመሟ ሰዓት ዋጋዋን ማስላት አልቻልኩም።

መጀመሪያ ውኃዋ እንዲመለስ ግሉኮስ ተሰካላት። ማደንዘዣ ከተሰጣት በኋላ ክሩ ከምላሷ ሥር በመቀስ ተቆረጠ፤ ላይኛው እስር ሲፈታ አንጀቱ እንዲላላ ነው። ከዚያ ሆዷ ተከፈተ። ክሩ በአንድ ቀዳዳ ተስቦ አይወጣም፤ በአንድ በኩል ከተሳበ አንጀቱን ይቆርጠዋል። ስለዚህ ጨጓራዋና አንጀቷ በተለያየ ቦታ በትንሽ በትንሹ እየተቀደደ፣ ክሩ እየተቆራረጠ ወጣ፤ እያንዳንዱ ቀዳዳም ተሰፋ። ውጭ ተቀምጬ ስጠብቅ ዳዊት ከመድገም በቀር ያደረግሁት የለም።

ሐኪሟ ወጥታ የብረት ሳህን አሳየችኝ። ቢጫው ክር ጠቁሮ፣ ከፀጉር ጋር ተድበልብሎ ተኝቷል። አንጀቷ ክሩ በወጠረበት መስመር ላይ ቆስሏል፤ አልተበሳም። “ትንሽ ብትዘገዪ ይበሳ ነበር” አለችኝ።

ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ያለው ጊዜ የራሱ ፈተና አለው። ሰው ታሞ ምግብ ቢያቆም “ሆዱ ይረፍ” እንላለን፤ ድመት ላይ ይህ አይሠራም። ድመት ለጥቂት ቀናት ካልበላች የሰውነቷ ስብ ወደ ጉበቷ ይጎርፍና ጉበቷን ያሳምመዋል፤ ዓይኗና ድዷ ቢጫ ይሆናል፣ በዚያም ልትሞት ትችላለች። ወፍራም የሆኑት ደግሞ ይብስባቸዋል። ስለዚህ ቡላ ቶሎ መብላት ነበረባት፣ በጥቂት በጥቂቱ። ቤታችን ጾም ነው፤ ድመት ግን ያለ ሥጋ አትኖርም። ሰውነቷ ከሥጋ የምታገኘው ታውሪን የሚባል ንጥረ ነገር ያስፈልገዋል፤ እሱን ካጣች ልቧና ዓይኗ ይጎዳል። ጨው፣ ሽንኩርትና ቅመም የሌለበት ዶሮ በጾም ቤት በተለየ ድስት ቀቀልኩ። አጥንቱን ለቅሜ፣ ሥጋውን አድቅቄ፣ በሞቀ መረቁ አርሼ በጣቴ ጫፍ አቀረብኩላት። አሸተተች። ከንፈሯን ላሰች። ከዚያ ዋጠች። ልጄ አለቀሰች፣ እኔም አለቀስኩ። አሸዋዋ ላይ ዓይነ ምድር ያየሁ ቀን ደግሞ አከራያችን ራሳቸው እልል አሉ።

በአገራችን የእንስሳት ሕክምና ከድሮ ጀምሮ ትኩረቱ በሬው፣ ላሙ፣ በጉና ዶሮው ነው። ኑሯችን በከብት ላይ የቆመ ነውና ትኩረቱ ተገቢ ነው። ድመትን አጥርቶ የሚያይ ክሊኒክ ግን ገና ብዙ አይደለም። ስለዚህ እናንተ ሐኪሞች፣ ለምታስታውክና ለሐጯን ለምታዝረበርብ ድመት መርፌ ከመውጋታችሁ በፊት ክትባቷን ጠይቁ፣ ጓንት አጥልቁ፣ ምላሷን አንሥታችሁ እዩ። ጥቂት ደቂቃ ነው የሚወስደው።

እናንተ ሰፊዎች፣ ጠላፊዎች፣ ሸማኔዎች፣ ቁራጭ ክርን ክዳን ባለው ነገር አኑሩ፤ ክር ያለበት መርፌ ጨርቅ ላይ ተሰክቶ አይደር። ድመት ያላችሁ ሁሉ፣ አስከትቡ፣ ካርዱንም ከሰነዶቻችሁ ጋር አስቀምጡት። ያልተከተበ ወይም የማይታወቅ እንስሳ ከነከሳችሁ ቁስሉን ወዲያው በውኃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ እጠቡና ሳትውሉ ሳታድሩ ጤና ተቋም ሂዱ። ድመታችሁ ደጋግማ ካስታወከች፣ ቀኑን ሙሉ ካልበላች፣ ዓይነ ምድር ካቆመች፣ የቤት መድኃኒት ሳትሰጡ ሐኪም ዘንድ ውሰዷት። ክር ከአፏ ወይም ከፊንጢጣዋ ተንጠልጥሎ ካያችሁ ደግሞ አትጎትቱት፤ እንዳለ ይዛችኋት ሩጡ።