ለመስጠም የተመረጡት

ከዛሬ 950 ዓመት ገደማ በፊት የሮስኪልዴ ሰዎች ጠላት በባሕር ይመጣብናል ብለው ሰጉ። ሮስኪልዴ ያን ጊዜ የዴንማርክ ንጉሥና ጳጳስ የሚቀመጡባት ከተማ ነበረች። የተቆረቆረችው ፊዮርድ በሚሉት ረጅም የባሕር ሰላጤ ጫፍ ላይ ስለሆነ፣ ወደ እሷ የሚያደርሱትን ጠባብ መተላለፊያዎች የዘጋ ሰው እፎይ ብሎ ይተኛል። በምን ይዘጋ? ያረጁ መርከቦች ከያሉበት ተለቀሙ። ስኩልደለቭ ከሚባለው መንደር ፊት ለፊት ተጎትተው፣ ሆዳቸው ድንጋይ ተሞልቶ እንዲሰጥሙ ተደረገ። ይህ የሆነው በ1070 አካባቢ ነው (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው)።

ዛሬ እነዚያን ውራጆች ለማየት ከኮፐንሃገን ግማሽ ሰዓት ያህል በባቡር ተጉዞ፣ ከካቴድራሉ ቁልቁል ወደ ውኃው ተወርዶ፣ ትኬት ተቆርጦ ወደ ቫይኪንግ መርከቦች ሙዚየም ነው የሚገባው። ኖርዌዮች በኦሰበርግና በጎክስታድ ከመሬት ያወጧቸው ዝነኛ መርከቦች ትልልቅ ሰዎች ከነንብረታቸው የተቀበሩባቸው የክብር መቃብሮች ናቸው። የሮስኪልዴዎቹን ያከበራቸው የለም። አገልግለው፣ ተጠግነው፣ እንደገና አገልግለው፣ በመጨረሻ «ከእንግዲህ አይረቡም» የተባሉ ናቸው። እኔን የሳቡኝም ለዚሁ ነው። ለመቃብር የተሰናዳ ዕቃ ሟቹ እንዴት እንዲታይ እንደተፈለገ ይናገራል፤ የተጣለ ዕቃ ግን ይሉኝታ የለውም፣ ያለውን ይዘከዝካል።

የሄድኩት ከአጎቴ ጋር ነው፤ ከጥቂት ዓመታት በፊት። ኮፐንሃገን ከከተሙ ቆይተዋል። በወጣትነታቸው ምጽዋ ላይ የባሕር ኃይል ባልደረባ ነበሩ። ሙዚየም አይወዱም፤ የቤተ መንግሥት ወንበርና የንጉሥ ጫማ ለማየት ገንዘብ የሚከፍል ሰው ይገርማቸዋል። መርከብ ነው ስላቸው ግን ኮታቸውን አንሥተው ከእኔ ቀድመው በሩ ላይ ቆሙ።

ባቡሩ ውስጥ ከፊታችን የተቀመጠ አንድ ሕፃን ሁለት ቀንድ ያለው የፕላስቲክ ቆብ አድርጎ ነበር። ቫይኪንግ ሲባል ዓለም ሁሉ የሚያውቀው ይህንን ቀንድ ነው፤ ቫይኪንጎች ግን አላደረጉትም። በ1943 ኖርዌይ ውስጥ ዬርሙንቡ በተባለ ቦታ የተገኘው እውነተኛ የቫይኪንግ የራስ ቁር ድቡልቡል ብረት ሆኖ የዓይን መከለያ ያለው ነው እንጂ ቀንድ የሚባል ነገር የለበትም። ቀንዱን በዓለም ያስፋፋው ካርል ኤሚል ዶፕለር የተባለ ጀርመናዊ የልብስ ንድፍ ባለሙያ ነው፤ በ1876 ባይሮይት ላይ ለታየው የዋግነር ኦፔራ ተዋንያኑን ሲያለብስ። ዴንማርክ ምድር ላይ ቀንድ ያላቸው የራስ ቁሮች መገኘታቸው እውነት ነው። ነገር ግን ቬክሶ ላይ ከረግረግ የወጡት እነዚያ ቁሮች ከቫይኪንጎች በሺህ ከምናምን ዓመት ይቀድማሉ። ይህንን ለአጎቴ ባስረዳቸው ሕፃኑን አይተው፣ «ተወው፣ ያምርበታል» አሉኝ።

የአካባቢው ዓሣ አጥማጆች ከውኃው በታች የሰጠመ መርከብ መኖሩን ድሮም ያውቁ ነበር። ያሰጠመችውም ንግሥት ማርግሬቴ ቀዳማዊት ናት እየተባለ ከአባት ወደ ልጅ ይወራ ነበር። ማርግሬቴ ዴንማርክን፣ ኖርዌይንና ስዊድንን በአንድ ዘውድ ሥር ያስገባች ብርቱ ሴት ናት፤ በ1412 ነው የሞተችው። ሕዝብ ደግሞ ባለቤቱ የጠፋ ትልቅ ሥራ ሲያይ ለታወቀ ሰው ሸልሞ ማደር ይወዳል። ንግሥቲቱ እዚያው ሮስኪልዴ ካቴድራል ውስጥ፣ ከሙዚየሙ በላይ ጉብታው ላይ፣ እምነ በረድ ተጭኗት ተኝታለች። መርከቦቹ በሰጠሙ ጊዜ እሷ ለመወለድ ገና ከ280 ዓመት በላይ ይቀራት ነበር።

ነገሩን ያጠሩት በ1957 ወደ ውኃው የገቡት የዴንማርክ ብሔራዊ ሙዚየም ጠላቂዎች ናቸው። ኡላፍ ኡልሰንና በሃያዎቹ መጀመሪያ ላይ የነበረው ኡለ ክሩምሊን ፔደርሰን እየጠለቁ ድንጋዩን በእጃቸው ሲያነሡ፣ አንድ የተባለው መርከብ ሁለት ሆነ፣ ሁለቱም ንግሥቲቱን በብዙ የሚበልጡ ሆኑ። ቆጠራው እያደገ ስድስት ደረሰ። ውኃው ድፍርስ ስለሆነና እንጨቱ ሲነካ ስለሚፈርስ፣ በ1962 ሌላ መላ መቱ። ቦታውን በብረት ግድግዳ ዙሪያውን አጥረው ውኃውን በፓምፕ መጥጠው አወጡት። የፊዮርዱ ወለል ፀሐይ ሞቀ። ያ ሁሉ ዘመን ጭቃ ውስጥ የኖረ እንጨት አንዴ ከደረቀ ተኮማትሮ ስለሚሰነጣጠቅ፣ ቆፋሪዎቹ ቀኑን ሙሉ ውኃ እየረጩ፣ በሺዎች የሚቆጠር ስብርባሪ በአራት ወር ለቅመው ጨረሱ። ከዚያ በኋላ ፖሊኢቲሊን ግላይኮል የተባለ ሰም መሰል ነገር በውኃው ቦታ እየገባ እንጨቱን ደግፎ እንዲይዘው ተደረገ። ሙዚየሙ በ1969 ተከፈተ፤ ስብርባሪውን የመገጣጠሙ ሥራ ግን ጎብኚው ዓይን ሥር ለብዙ ዓመታት ቀጥሏል።

አዳራሹ ወፍራም ኮንክሪት ነው፤ በፊዮርዱ በኩል ግን ከዳር እስከ ዳር መስታወት ስለሆነ መርከቦቹ ከውኃው ወጥተው ፀጉራቸውን የሚያደርቁ ይመስላል። አጎቴ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው፣ እንደ ፍተሻ መኮንን፣ ቁጥሮቹን እያነበቡ ዞሩ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አምስት፣ ስድስት። ተመልሰው እንደገና ዞሩና ጥግ ወደ ቆመችው አስተናጋጅ ሄዱ።

«አራተኛው የት አለ?»

ልጅቱ ጥያቄው አዲስ እንዳልሆነባት ያስታውቃል። አራተኛ የሚባል መርከብ የለም። ጠላቂዎቹ ቁጥር ሁለትና ቁጥር አራት ያሏቸው ክምሮች ተቆፍረው ሲታዩ የአንድ ረጅም መርከብ ሁለት ጫፎች ሆነው ተገኙ። ቁጥሩ በየወረቀቱ ስለገባ ማንም አላስተካከለውም። አጎቴ ይህንን ወደዱት። «መዝገብ ቤት ሁሉ አንድ ነው» አሉ በአማርኛ።

ከአምስቱ ውስጥ በሙሉ አካሉ ወደ መቆም የሚቀርበው ቁጥር ሦስት ነው፤ 14 ሜትር የምትሆን የዳር ዳር ንግድ ጀልባ። ጠጋ ብለን አየናት። ሳንቃዎቿ አንዱ የሌላውን ጠርዝ ደርቦ በብረት ሚስማር የተያያዙ ናቸው፤ በመካከላቸው ውኃ እንዳይገባ ዝፍት የጠጣ ሱፍ ተጠቅጥቋል። እንጨቱ ጠቁሮ ከሰል መስሏል። በጎን ሲያዩት የመጥረቢያው ዱካ፣ አጭር አጭር ሆኖ፣ አንዱ በሌላው ላይ ይታያል። መጋዝ አልነካውም። የኦክ ዛፍ ግንድ በሽብልቅ መሐል ለመሐል ይሰነጠቃል፤ ግማሹ እንደገና ለሁለት፣ እንደዚያ እያለ ቀጫጭን እስኪሆን ይቀጥላልና በመጥረቢያ ይስተካከላል። እንጨቱ በራሱ ጭረት ስለተከፈለ ቀጭኑ ሳንቃ ይታጠፋል እንጂ ቶሎ አይሰበርም። ማዕበል ሲመታው መርከቡ ከማዕበሉ ጋር ይለመጣል። አጎቴ ጣታቸውን ወደ ሳንቃው ሲሰዱ አስተናጋጇ በርቀት ጉሮሮዋን ጠረገች።

ቁጥር አንድ ጥልቁን ባሕር የሚያቋርጥ ዕቃ ጫኝ ነው፤ ከምዕራብ ኖርዌይ፣ ከሶግነ ፊዮርድ የመጣ። ቁጥር ስድስትም የዚያው አገር ልጅ ነው፤ ዓሣ አጥማጅ ሆኖ ተወልዶ፣ በኋላ ጎኑ ላይ ሳንቃ ተጨምሮለት ጭነት እንዲያመላልስ የተደረገ። ቁጥር አምስት ጋ ግን ብዙ ቆየሁ። የጦር መርከብ ነው፤ 17 ሜትር ያህል ርዝመት፣ 26 መቅዘፊያ። ከሩቅ ሲያዩት ቀጭንና አስፈሪ ነው። ሲቀርቡት ግን የአዲስ አበባ ላዳ ታክሲ ነው፤ በሩ ከአንዱ፣ ኮፈኑ ከሌላው። አንዳንዱ ሳንቃ ከሌላ መርከብ ተነቅሎ የመጣ ነው፤ ለሌላ መርከብ የተበሱት የመቅዘፊያ ቀዳዳዎች ተደፍነው ጎናቸው ላይ አዲስ ተበስቷል። ጥጋን በጥጋን ላይ አለ። ባለሙያዎቹ ሲገምቱ፣ ይህ መርከብ የአንድ አካባቢ ገበሬዎች ለንጉሡ የባሕር ጦር በመዋጮ ያቀረቡት ሊሆን ይችላል። መርከብ አምጡ ተባሉ፣ መርከብ አመጡ። ጥራቱ ላይ ማን ምን ብሏል?

እንግዲህ የዴንማርኮች ኩራት ቁጥር ሁለት ነው፤ ያው ቁጥር አራትም የሆነው። ወደ 30 ሜትር ይረዝማል፣ 60 መቅዘፊያ ነበረው፣ ከስልሳ በላይ ተዋጊ ይጭናል። ከአካሉ የተረፈው ሩቡ ብቻ ስለሆነ፣ የቀረውን ዓይን እንዲሞላው በብረት ዘንጎች ተስሏል። የንጉሥ ወይም የትልቅ ባላባት ካልሆነ በቀር እንዲህ ያለ መርከብ የሚያሠራ የለም። የት ተሠራ? እንጨት የልደት ወረቀቱን በውስጡ ይዞ ይዞራል። በየዓመቱ የሚጨመረው የእድገት ቀለበት በጥሩ ዝናብ ሰፊ፣ በክፉ ዘመን ጠባብ ይሆናል፤ የአንድ አገር ኦኮች ሁሉ ያንኑ ሰፊና ጠባብ ተርታ ይጋራሉ። የቁጥር ሁለት ሳንቃዎች ቀለበት ተለክቶ ከየአገሩ መዝገብ ጋር ሲነጻጸር የገጠመው ከአየርላንድ ኦክ ጋር ነው። መርከቡ የተሠራው በ1042 አካባቢ፣ ደብሊን ነው።

ደብሊን ራሷ በ841 ቫይኪንጎች መርከባቸውን ያቆሙባት ሰፈር ሆና ነው ታሪኳ የሚጀምረው። ሁለት መቶ ዓመት ቆይቶ የእነዚያ ወራሪዎች ልጅ ልጆች በአየርላንድ እንጨት፣ በአያቶቻቸው ሙያ ይህንን ሠሩ።

ሙዚየሙ ግኝቱን ይዞ ዝም አላለም። የጀልባ ሠሪዎቹ በመጥረቢያና በሽብልቅ፣ 7000 ያህል የብረት ሚስማር መትተው፣ 112 ካሬ ሜትር ሸራ ሰቅለው የቁጥር ሁለትን መንትያ ሠሩ። በ2004 ወደ ውኃ ሲገባ ስም ያወጣችለት ንግሥት ማርግሬቴ ዳግማዊት ናት፤ መቼም በስመ ሞክሼዋ ላይ ለዘመናት የተወራውን የማሰጠም ሐሜት በዚህ ካሰች ልንል እንችላለን። በ2007 የበጋ ወራት ስልሳ ከምናምን በጎ ፈቃደኞች ተሳፍረው፣ በኖርዌይና በስኮትላንድ በኩል ዞረው ወደ ደብሊን ቀዘፉ። ሰሜን ባሕር ላይ ነፋስ ጠፍቶ ለተወሰነ መንገድ በሞተር መርከብ መጎተታቸውን የሙዚየሙ ሰዎች አይደብቁም። ነሐሴ አጋማሽ ላይ ደረሱ። ወደቡ በሕዝብ ሞላ። ያን ጊዜ የዴንማርክ የባህል ሚኒስትር የነበሩት ብሪያን ሚከልሰን ንግግር አደረጉና፣ በመርከቡ እንደሚኮሩ፣ ቫይኪንጎች በአየርላንድ ሕዝብ ላይ ባደረሱት ጉዳት ግን እንደማይኮሩ ተናገሩ። ጋዜጦቹ ዴንማርክ ይቅርታ ጠየቀች ብለው ጻፉ። ይህ ሁሉ ሲሆን ከሚኒስትሩ ፊት የቆመው የደብሊን ሥሪት መንትያ ነው፤ አየርላንዶች የሚቀበሉት እንግዳ መስሏቸው የራሳቸውን ልጅ ነበር። አጎቴ ይህንን ሲሰሙ፣ «ታዲያ ለምን መለሱት?» አሉ። መንትያው በሚቀጥለው ዓመት ወደ ሮስኪልዴ ተመልሷል።

ሙዚየሙ በ1990ዎቹ ለጀልባ ሠሪዎቹና ለወደቡ ቦታ አነሰን ብሎ መስፋፋት ጀመረ። ከ1996 እስከ 1997 ቁፋሮው ሲካሄድ ከአፈሩ ሥር ዘጠኝ መርከቦች ወጡ። አንደኛው ወደ 36 ሜትር የሚደርስ፣ እስከ ዛሬ ከተገኙት የቫይኪንግ የጦር መርከቦች ሁሉ ረጅሙ ነው። የመርከብ ሙዚየም በገዛ ደጁ! አዳራሹን በተመለከተ ደግሞ በ2013 ታኅሣሥ የመጣው ማዕበል ሊያጥለቀልቀው ለጥቂት ቀርቷል፤ ኮንክሪቱም ጨው በልቶት እየፈረሰ ስለሆነ በ2018 ከቅርስ ጥበቃ መዝገብ ተሰርዟል። ጥዱና ኦኩ ሺህ ዓመት ሊደፍኑ ነው፣ ኮንክሪቱ ሃምሳ ላይ እጁን ሰጠ።

በበጋ ጎብኚ ራሱ መቅዘፍ ይችላል። ገመድና ዝፍት የሚሸትተው ወደብ ላይ የመንሳፈፊያ ሰደርያ አለበሱንና እንግዳ ከተባለው ሁሉ ጋር አግዳሚው ላይ አስቀመጡን። መሪዋ ፀጉሯን በጨርቅ የጠቀለለች ወጣት ናት። አጎቴ ከዚያ በፊት ያልነገሩኝን የነገሩኝ እዚያ ነው። የኢትዮጵያ ባሕር ኃይል በ1955 ከተቋቋመ በኋላ ለሥልጠና ከመጡት አንዱ ወገን የኖርዌይ መኮንኖች ነበሩ፤ አጎቴም ቀዘፋ የተማሩት ምጽዋ ላይ፣ በዚያ ሙቀት፣ ፊቱ እንደ በርበሬ ከቀላ ኖርዌያዊ ነው። ቁጥር አንድን ከሠሩት ሰዎች አገር የመጣ እኮ ነው!

ልጅቱ በእንግሊዝኛ ትእዛዝ ሰጠች። የቱሪስቱ መቅዘፊያ እርስ በርሱ ተጋጨ፤ የእኔም ከፊቴ የተቀመጠውን ጀርመናዊ ወገብ መታ። አጎቴ ብቻቸውን በልክ ይገፋሉ።

«አንተ ልጅ፣ በክንድህ አይደለም፣ በጀርባህ!»

ሦስተኛ ጊዜ ስንጋጭ ትዕግሥታቸው አለቀና ድምፃቸውን ከፍ አድርገው በኖርዌይኛ አንድ ነገር ጮኹ። ልጅቱ መሪውን ለቃ በሳቅ ተንፈራፈረች፤ ጀልባዋ ወደ መልሕቅ መጣያው ዞረች። ዳኒሽና ኖርዌይኛ ስለሚቀራረቡ ሁሉንም ሰምታለች። ምን ማለታቸው ነው ብዬ ጠየቅኳት፤ ቀልታ፣ «አያትህ ይህንን የት ተማሩት?» አለችኝ። አጎቴ ግን የሚያውቁት ኖርዌይኛ ያ ብቻ እንደሆነና አሠልጣኛቸው በየማለዳው ይላቸው እንደነበር፣ ትርጉሙን ግን እስከ ዛሬ «በርታ ወንድሜ» እንደሚመስላቸው፣ መቅዘፊያቸውን ሳያቆሙ አስረዷት።