የተመለሰው ሜዳሊያ

ዳኛ በሁለት ነገር ይፈርዳል። አንደኛው በውድድሩ መስመር ውስጥ የሚሆነውን የሚመለከት ነው፤ ማን ነጥብ አገባ፣ ማን ደንብ ጣሰ፣ ማንስ አሸነፈ የሚለው። ይህን ፍርድ ተመልካቹ ሁሉ ያየዋል፤ ዳኛው ቢሳሳት ይጮኽበታል፣ ቢያዳላም ይሰድበዋል። ሁለተኛው ፍርድ ግን ውድድሩ ከመጀመሩ አስቀድሞ በአንድ ጠባብ ክፍል ውስጥ፣ በጠረጴዛና በስም ዝርዝር ፊት የሚሰጥ ነው፤ ወደዚያ መስመር ማን ይግባ፣ ማንስ ይቅር የሚለው። ይህን ፍርድ የሚያይ ተመልካች የለም፤ የሚጮኽበትም የለም። እኔ በሰውነት ማጎልመሻ አስተማሪነት፣ በቴኳንዶ አሠልጣኝነትና በዳኝነት ባሳለፍኳቸው ዓመታት በመጀመሪያው ዓይነት ፍርድ ብዙ ጊዜ ተሳስቻለሁ፤ አብዛኞቹንም ስሕተቶቼን ረስቻቸዋለሁ። በሁለተኛው ዓይነት የተሳሳትኩት አንድ ስሕተት ግን እስከ ዛሬ አልተወኝም። ስለዚያ ስሕተት በአደባባይ ለመናገር ድፍረት የሰጠኝ የአንዲት የሩቅ አገር ሴት የሕይወት ታሪክ ነው።

ይህች ሴት ረስቲ ካኖኮጊ ትባላለች። የጁዶ ተወዳዳሪ፣ አሠልጣኝና የውድድር አደራጅ የነበረች ሲሆን በስፖርቱ ዓለም «የሴቶች ጁዶ እናት» የሚል ስም ወጥቶላታል። ታሪኳን ያገኘሁት ከጥቂት ዓመታት በፊት ለተማሪዎቼ ስለ ጁዶ አመጣጥ አጭር ገለጻ ለማዘጋጀት ሳነብ ነው። (ዓመተ ምሕረት የሚል ምልክት ካልታከለባቸው በቀር በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሬና ግሊክማን በሚል ስም በ1935 በኒው ዮርክ ከተማ፣ በብሩክሊን ተወለደች። ያደገችው በኮኒ አይላንድ፣ በባሕሩ ዳርቻ ከሚገኙት የመዝናኛ ሥፍራዎች አጠገብ ነው። ልጅነቷ የተደላደለ አልነበረም፤ ገና በለጋ ዕድሜዋ ሠርታ ያደገች፣ በሰፈር ጠብም እጇን ያፍታታች ልጅ ነበረች። «ረስቲ» የሚለውን ቅጽል ስም ያገኘችው ከአንድ የሰፈር ውሻ ነው ይባላል። በ1955 አንድ ወዳጇ የተማረውን የጁዶ ስልት ሲያሳያት ልቧ በዚህ ስፖርት ተማረከ። ጁዶ በጃፓንኛ «የልስላሴ መንገድ» ማለት ነው፤ የባላጋራን ግፊት ተከትሎ ሚዛኑን ማሳትንና መጣልን የሚያስተምር ጥበብ ነው። ይህ ትምህርት የቁጡዋን የብሩክሊን ልጅ ጡንቻ ከማፈርጠሙ በላይ ጠባይዋን ገራው። በእኛም አገር ስሙ በሚታወቀው በወ.ወ.ክ.ማ. አዳራሽ ውስጥ ከወንዶች ጋር ትለማመድ ጀመር።

በ1959 የኒው ዮርክ ክፍለ ግዛት የወ.ወ.ክ.ማ. የጁዶ ሻምፒዮና በዩቲካ ከተማ ተደረገ። ከቡድኑ አባላት አንዱ ተጎድቶ መወዳደር ስላልቻለ ሬና በእሱ ምትክ ገባች። ጸጉሯን አሳጥራ፣ ደረቷን በፋሻ ጠፍራ ከወንዶቹ መሃል ቆመች። ሴት አይወዳደርም የሚል በግልጽ የተጻፈ ደንብ አልነበረም፤ ከዚያ ቀደም ለመወዳደር የሞከረች ሴት ግን አልታየችም። ሬና ተጋጣሚዋን ጣለች፤ ቡድኗም አሸነፈ። ሜዳሊያው ከታደለ በኋላ ከውድድሩ ኃላፊዎች አንዱ ሴት መሆን አለመሆኗን ጠየቃት። ልትክድ ትችል ነበር፤ አልካደችም። ሜዳሊያውን ካልመለሰች የቡድኑ ድል እንደሚሰረዝ ተነገራት። መለሰች።

ይህን ታሪክ የሚሰማ ሰው ሁሉ የሚደነቀው ጸጉሯን በመቁረጧ ነው። እኔን ከንባቤ ያቆመኝ ግን ጥያቄውን ያቀረበው ሰው ነው። ክፉ ሰው ነበር ለማለት አልደፍርም። ምናልባትም ሥራውን የሚያከብር፣ ደንብ አስከባሪ፣ ማታ ወደ ቤቱ ሲገባ የዕለቱን ግዴታ እንደ ተወጣ የሚሰማው ሰው ነበር። ስሙን መፈለግ አላስፈለገኝም። ሰውየውን አውቀዋለሁ፤ እኔ ነኝ።

ከሃያ ዓመታት በፊት በአንድ አነስተኛ ከተማ በሚገኝ የወጣቶች ማዕከል በትርፍ ጊዜዬ ቴኳንዶ አሠለጥን ነበር። ሠላሳ ያህል ልጆች ነበሩ፤ ከመካከላቸው ሴት አንዲት ብቻ ነበረች፤ የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ። ከሁሉም ቀድማ ትመጣለች፤ ወለሉን ትጠርጋለች፤ ምንጣፉን ትዘረጋለች። ይህን እንድትሠራ ያዘዛት አልነበረም፤ ተዪው ያላትም አልነበረም። በእርግጫ ፍጥነት ከእሷ ጋር የሚስተካከሉት ሁለት ወንዶች ብቻ ነበሩ። ወደ ክልሉ ውድድር የሚሄድ ቡድን እንድመርጥ ስታዘዝ የተፈቀደልን አበል ለስድስት ሰው ነበር። በውድድሩ የሴቶች ምድብ ነበረ፤ እኔም አውቅ ነበር። ሆኖም ብቻዋን ሴት ስለሆነች የተለየ መኝታ ያስፈልጋታል አልኩ፤ ወላጆቿም አይፈቅዱ ይሆናል አልኩ። ወላጆቿን ግን አልጠየቅኋቸውም። የስድስት ወንዶች ስም ጽፌ ግድግዳው ላይ ስለጥፍ ከኋላዬ ቆማ ታነብ ነበር።

«ጋሼ፣ እኔስ?» አለችኝ።

«አንቺ ለሚቀጥለው ዓመት» አልኳት።

አላለቀሰችም፤ አልተከራከረችም። የዚያኑ ዕለት እንኳ ምንጣፉን ጠቅልላ ነው የሄደችው። የሚቀጥለው ዓመት ሲመጣ ግን እሷ አልመጣችም። መቅረቷን ያወቅሁት ስሟን ጠርቼ አልነበረም፤ አንድ ቀን አዳራሹ ሳይጠረግ፣ ምንጣፉም ሳይዘረጋ ባገኘው ጊዜ ነው።

ሬና ከዩቲካ በኋላ አልቀረችም። በ1962 ወደ ጃፓን ተሻግራ የጁዶ መፍለቂያ ወደሆነው ወደ ኮዶካን ገባች። ኮዶካንን በ1882 የመሠረተው ጂጎሮ ካኖ ሴቶች ጁዶን መማር የለባቸውም የሚል ሰው አልነበረም፤ በ1926 የሴቶች ክፍል ተከፍቶ ነበር። ነገር ግን ክፍሉ ለብቻው የተከለለ ነበር፤ ለውድድርም አያዘጋጅም። ብሩክሊናዊቷ ከዚህ ክፍል ልምምድ በላይ የሆነ ችሎታ ስላሳየች በዋናው አዳራሽ ከወንዶቹ ጋር እንድትለማመድ ተፈቀደላት፤ ከእሷ በፊት ይህን ዕድል ያገኘች ሴት አልነበረችም። የጁዶ ባለሙያ ከሆነው ከባለቤቷ ከርዮሄይ ካኖኮጊ ጋር የተዋወቀችውም በጃፓን ነው፤ በ1964 ተጋቡ።

በዚያ የሴቶች ክፍል ካደጉት መካከል ኬይኮ ፉኩዳ የምትባል ታላቅ መምህርት ነበረች። በ1913 የተወለደችው ፉኩዳ፣ ጂጎሮ ካኖን በወጣትነቱ ካስተማሩት ሰዎች የአንዱ የልጅ ልጅ ስትሆን ጁዶ እንድትማር የጋበዛት ካኖ ራሱ ነው። ጁዶ በ1964 በቶኪዮ ለመጀመሪያ ጊዜ የኦሎምፒክ ውድድር ሲሆን ፉኩዳ ወደ መድረኩ ወጥታለች፤ የወጣችው ግን የጥበቡን ሥርዓት በትርኢት ለማሳየት ነበር። ግጥሚያው ለወንዶች ብቻ ነበር። ችሎታዋን ሁሉ የሚያውቅ ሆኖ ሳለ ለረጅም ዓመታት በ5ኛ ዳን ላይ ቆየች፤ 6ኛውን ያገኘችው በ1972 ነው። የመጨረሻውን 10ኛ ዳን በ2011 ከአሜሪካ የጁዶ ድርጅት ስትቀበል 98 ዓመቷ ነበር። እዚህ ላይ የኪነ ጥበብ ሰዎች የሚያውቁት አንድ ነገር አለ፤ ሴትን ለትርኢት አስጊጦ ማውጣትና ሴትን እንደ ባለሙያ መመዘን ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸው።

ካኖኮጊ ወደ ኒው ዮርክ ተመልሳ የማሠልጠን ሥራዋን ቀጠለች። የወንዶች የዓለም የጁዶ ሻምፒዮና ከ1956 ጀምሮ ሲካሄድ የሴቶች የሚባል አልነበረም። እሷም ራሷ ላዘጋጀው ብላ ተነሣች። ገንዘብ ሲያጥራት መኖሪያ ቤቷን በመያዣ አስይዛ ተበደረች። በመጨረሻም በኖቬምበር 1980 በማዲሰን ስኩዌር ጋርደን በሚገኘው የፌልት ፎረም አዳራሽ ከ27 አገሮች የመጡ 149 ሴቶች ተገናኙ። የእንግሊዟ ጄን ብሪጅ ከ48 ኪሎ በታች ባለው ምድብ፣ የቤልጂጓ ኢንግሪድ በርግማንስ ክብደት ባልተወሰነበት ምድብ የዓለም ሻምፒዮን ሆኑ። ከዩቲካ እስከዚያ አዳራሽ ድረስ ያለፈው ጊዜ 21 ዓመት ነው። ራሷ በወጣትነቷ ያልተሰለፈችበትን መስመር ለሌሎች አሰመረች።

ቀጥሎ የቀረው ኦሎምፒክ ነበር። ካኖኮጊ ደብዳቤ ጻፈች፤ ሹማምንትን ደጅ ጠናች፤ በሕግ እከሳለሁም አለች። በ1988 በሴኡል የሴቶች ጁዶ ለሙከራ ሲቀርብ የአሜሪካንን የሴቶች ቡድን ይዛ የሄደችው እሷ ነበረች። በ1992 በባርሴሎና ውድድሩ በሙሉ መብት ገባ። ስፔናዊቷ ሚርያም ብላስኮ በወገኖቿ ፊት ወርቅ ወሰደች፤ ያኤል አራድ ያገኘችው ብርም ለእስራኤል የመጀመሪያው የኦሎምፒክ ሜዳሊያ ሆነ። ከ16 ዓመት በኋላ ደግሞ አልጄሪያዊቷ ሶራያ ሐዳድ በቤይጂንግ ነሐስ አግኝታ በኦሎምፒክ ጁዶ ሜዳሊያ ያገኘች የመጀመሪያዋ አፍሪካዊት ሴት ሆነች።

ባርሴሎና ሲባል የእኛ ልብ ወዴት እንደሚሄድ አንባቢ ያውቃል። በዚያው ሰሞን፣ በነሐሴ 1984 ዓ.ም.፣ ደራርቱ ቱሉ የ10,000 ሜትር ሩጫን አሸንፋ የኦሎምፒክ ወርቅ ያገኘች የመጀመሪያዋ ጥቁር አፍሪካዊት ሴት ሆነች። ያኔ ወጣት መምህር ነበርኩ፤ ከሕዝቡ ጋር አብሬ ጨፍሬአለሁ። ያን ጊዜ ያላሰብኩት ነገር ቢኖር የሴቶች 10,000 ሜትር ወደ ኦሎምፒክ የገባው በ1988 መሆኑን ነው። ከባርሴሎና ስምንት ዓመት አስቀድሞ ቢሆን ኖሮ የምትሮጠው ሩጫ በመዝገቡ ላይ አልነበረም። እግሯ ያው እግር፣ ልቧም ያው ልብ ሊሆን ይችል ነበር፤ መስመሩ ግን ባልኖረ። እኛ የጨፈርነው ለደራርቱ ነው፤ መስመሩን ስላሰመሩት ሰዎች የጠየቀ ከመካከላችን አልነበረም።

«ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቃል» የሚለውን ብሂል በክፍል ውስጥ እያነሣሁ ጎታች መሆኑን ለተማሪዎቼ ለዓመታት አስተምሬአለሁ። እንዲህ እያስተማርኩ፣ ለደራርቱም ጨፍሬ፣ ያችን ልጅ በአንድ መስመር ጽሕፈት አስቀረኋት። ያስቀራት ብሂሉ አልነበረም፤ የስድስት ሰው አበልና የእኔ ስንፍና ነው። አድልዎ ሁልጊዜ በጥላቻ ፊት አይመጣም። አንዳንዴ የመኝታ ችግር ሆኖ፣ አንዳንዴም «ለሚቀጥለው ዓመት» የሚል ለስላሳ ቃል ሆኖ ይመጣል።

በ2008 የጃፓን መንግሥት ለካኖኮጊ የፀሐይ መውጫ ኒሻን ሸለማት። በኦገስት 2009 ደግሞ ወ.ወ.ክ.ማ. ከ50 ዓመት በፊት ባስመለሳት ሜዳሊያ ፈንታ የወርቅ ሜዳሊያ ሰጣት። 74 ዓመቷ ነበር። በዚያው ዓመት በኖቬምበር አረፈች።

ይህን የመጨረሻውን ክፍል ሳነብ ደስታዬ ሙሉ አልነበረም። ያ ማኅበር የወሰደውን ነገር ያውቅ ነበር፤ ከተማው፣ ዓመቱና ሜዳሊያው ይታወቃል። ስለዚህ ቢዘገይም የሚመለስ ነገር ነበረ። እኔ ግን ለዚያች ልጅ የምመልሰው ምን አለኝ? ያልተሰጠ ሜዳሊያ አይመለስም። ስሟ በየትኛውም የውድድር መዝገብ ላይ የለም፤ ተሸነፈችም አልተባለ። ዛሬ የት እንዳለች አላውቅም። ከመስመሩ በፊት የሚሰጠው ፍርድ ክፋቱ ይኸው ነው፤ የሚታረምበትን ማስረጃ እንኳ አያስቀርም።

ይህን መጽሔት የምታነቡ መምህራን፣ የሥራ ኃላፊዎችና የኪነ ጥበብ ባለሙያዎች፣ ከመካከላችሁ ዝርዝር አዘጋጅቶ የማያውቅ ያለ አይመስለኝም፤ ለውድድር፣ ለቴአትር፣ ለሥልጠና፣ ለጉዞ የሚሆን ዝርዝር። እኔ ዛሬ ዳኝነቱን ትቻለሁ፤ ነገር ግን ወጣት አሠልጣኞች ቡድን ሲመርጡ አልፎ አልፎ ተገኝ እባላለሁ። ስለ እርግጫው ቴክኒክ ብዙ አልናገርም፤ እነሱ ከእኔ የተሻለ ያውቃሉ። ዝርዝሩ ግድግዳው ላይ ከመለጠፉ በፊት ግን አንድ ነገር እጠይቃቸዋለሁ፤ እዚህ አዳራሽ ጠዋት ቀድሞ መጥቶ ምንጣፉን የሚዘረጋው ማን ነው? ስሙን ሲነግሩኝ ወረቀቱን እቀበልና ከላይ እስከ ታች አነባለሁ።