ከበሩ አጠገብ የሚቀመጡት ወይዘሮ

ወይዘሮዋ 54 ዓመታቸው ነው፤ አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ይሠራሉ። ከቤት እስከ ቢሮ የትኛው ካፌ ሽንት ቤቱን ለመንገደኛ እንደሚከፍት በቃላቸው ያውቃሉ። ታክሲ ሊሳፈሩ ሲሉ ውኃ አይቀምሱም። ለቅሶ ቤት ከበሩ አጠገብ ነው የሚቀመጡት። ከሁሉ የከበዳቸው ግን ቅዳሴው ነው። ሳይወጡ እስከ መጨረሻው መቆም ስላቃታቸው ከቆረቡ 3 ዓመት አለፋቸው። ምክንያቱን ለንስሐ አባታቸው እንኳ አልተናገሩም።

ሕመሙ ስም አለው፤ ከልክ በላይ የሚሠራ የሽንት ፊኛ ይባላል። ፊኛው ሳይሞላ ይኮማተራል። ስሜቱ ድንገት ይመጣል፣ ፋታ አይሰጥም፤ ሌሊት ደጋግሞ ይቀሰቅሳል፤ አንዳንዴም ያመልጣል። ከፊስቱላ ጋር አይገናኝም። ፊስቱላ በወሊድ ጉዳት የሚፈጠር ቀዳዳ ነው፤ ለዶክተር ካትሪን ሐምሊንና ለባልደረቦቻቸው ምስጋና ይግባና ዛሬ ስሙ በአደባባይ ይነገራል። ይሄኛው ግን ገና ከጓዳ አልወጣም። «ዕድሜ ነው» ተብሎ ይታለፋል።

ወይዘሮዋ አፍ አውጥተው የተናገሩት ጉልበታቸውን ሊታከሙ በሄዱበት ቀን ነው። ወጣቷ ሐኪም «እናቴ፣ ሌሊት ስንቴ ይነሣሉ?» ብላ ጠየቀቻቸው። አምስቴ። ተመረመሩ፤ ኢንፌክሽንም ስኳርም የለም። ቡና እንዲቀንሱ፣ ሽንት ሲመጣ ጥቂት በጥቂት እያዘገዩ ፊኛውን እንዲያለማምዱ ተነገራቸው። ኪኒኑ ግን አፋቸውን አደረቀው፣ ሆዳቸውን አሰረው፤ ሐኪሟ አስቆመቻቸው።

ከዚያ ሜሪላንድ ያለች ልጃቸው ሞባይል የሚያክል መሣሪያ ላከች። አጠቃቀሙን ያሳየቻቸው ሐኪሟ ናት። አንዱ ተለጣፊ ከውስጠኛው ቁርጭምጭሚት ጀርባ፣ ሌላው 10 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ይለጠፋል። እዚያ የሚያልፈው ቲቢያል የተባለው ነርቭና የፊኛው ነርቮች የሚነሡት ከአንድ ቦታ፣ ከአከርካሪው የታችኛው ክፍል ነው። እግር ላይ የሚሰጠው ቀላል ኤሌክትሪክ ወደ ላይ ተጉዞ የፊኛውን ያለጊዜው ጥሪ ያበርዳል። ክሊኒክ ውስጥ በቀጭን መርፌ በሳምንት አንድ ቀን ለ30 ደቂቃ፣ ለ12 ሳምንት ይሰጣል። ቤት ውስጥ መርፌ የለም፤ ዜና እያዩ ይሆናል።

ልብ በሉ፤ ተአምር አይደለም። ቤት ውስጥ የሚደረገው በመርፌ የሚሰጠውን ያህል ማስረጃ የለውም፤ ሁሉም የሕክምና መመሪያዎችም አልተቀበሉትም። ነፍሰ ጡር ወይም ልቧ ላይ ፔስሜከር የተገጠመላት ሴት ልትጠቀምበት አይገባም። ሽንቷ ላይ ደም ያየች ደግሞ መጀመሪያ ትመርመር።

ከ3 ወር በኋላ ወይዘሮዋ ሌሊት የሚነሡት ሁለቴ ነው። ባለፈው የማርያም ዕለት ቅዳሴውን ጨረሱ። አሁንም ከበሩ አጠገብ ነበሩ፤ ግን አልወጡም።

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል። እውነት ነው፤ ግን ጠያቂም ያስፈልጋል። በነዚያ 3 ዓመታት ወይዘሮዋ ጤና ጣቢያ ስንቴ ተመላልሰዋል! ያችን አንዲት ጥያቄ የጠየቃቸው አልነበረም። ጥያቄዋ ደግሞ ገንዘብ አታስወጣም፤ መሣሪያም ከውጭ አያስፈልጋትም።